«በረሃ ነው» ያልኩ ዕለት

አትላንታ የሄድኩት ልጄን ላርስ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት መሆኑ ነው። ገንፎውንም አጥሚቱንም በየተራ ሳቀርብ ከርሜ፣ የሕፃኑ አርባ ቀን ሊሞላ ሲል አማቼ «እትዬ፣ ቤት ውስጥ ታፍነው ቀሩ እኮ፤ ዛሬ እንውጣ» ብሎ ኦበርን ወደሚባል ጎዳና ወሰደኝ። ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1929 የተወለደበት ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት ቤት እዚያ ነው። አያቱም አባቱም እሱም የሰበኩበት ኤቤንዘር ቤተ ክርስቲያን ከቤቱ ብዙም አይርቅም። ይህንን ሁሉ እንደማንኛውም እንግዳ አየሁ፣ ፎቶ ተነሳሁ፣ ተሳለምኩም። እንቅልፍ የነሳችኝ ወሬ ግን ስንመለስ አማቼ እንደ ቀላል ነገር የጣላት ናት። አንድ አሮጌ ሕንጻ በጣቱ እያሳየኝ፣ «ይህን የኢንሹራንስ ኩባንያ ያቋቋመው ሰውዬ በባርነት የተወለደ ፀጉር ቆራጭ ነበር» አለኝ።

እግሬ ቆመ። አማቼ የደከመኝ መስሎት ውሃ ሊገዛልኝ ሮጠ። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ አትላንታ አልነበርኩም። አብደራፊ ነበርኩ፤ ከሰሊጥ ሠራተኞች ካምፓችን ጀርባ ካለችው ግራር ሥር፣ የተሰበረ መስታወት በሽቦ ግንዱ ላይ አስሮ የሰው ፀጉር የሚቆርጥ አንድ የበለሳ ልጅ ፊት ቆሜ ነበር።

የዚያን ልጅ ነገር ከመናገሬ በፊት የሰውየውን ልጨርስ። አሎንዞ ሄርንደን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1858 ጆርጂያ ውስጥ ባሪያ ሆኖ ተወለደ። የባርነት ቀንበር ሲሰበር የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እርሻ ላይ ጉልበቱን ሲሸጥ አድጎ፣ ምላጭና መቀስ መያዝ ተማረና አትላንታ ገባ፤ ፀጉር ቤት ከፈተ። በዚያን ዘመን ጥቁሮቹ በየቤተ ክርስቲያናቸው የሚረዳዱበት ማኅበር ነበራቸው፤ ሳንቲም እያዋጡ የታመመ ይጠይቁበታል፣ የሞተ ይቀብሩበታል። እንግዲህ ይህ ከእድር በምን ይለያል? እ.ኤ.አ. በ1905 የጆርጂያ መንግሥት እንዲህ ያለ ማኅበር ሁሉ 5,000 ዶላር መያዣ ያስቀምጥ የሚል ሕግ አወጣ። ድሃ እድር ያን ያህል ገንዘብ ከወዴት ያመጣል? ሊፈርስ የነበረውን አንዱን ማኅበር ፀጉር ቆራጩ ሄርንደን በ140 ዶላር ገዛው፤ መያዣውንም ካጠራቀመው አስቀመጠ። ሌሎችንም እየጨመረበት፣ ያ የቀብር ማኅበር አትላንታ ላይፍ የሚባል የኢንሹራንስ ኩባንያ ሆነ።

በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1906፣ ነጮች ተነስተው አትላንታ ውስጥ ጥቁሮችን በየመንገዱ ገደሉ፣ ሱቃቸውን ሰባበሩ። የተረፈው ነጋዴ ከመሀል ከተማው እየሸሸ ኦበርን ጎዳና ላይ ተሰበሰበ። ከተሰበሰበ በኋላ ያደረገውን ነገር ነው ልብ ማለት የሚገባው። እድሩ ኢንሹራንስ ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ1921 ደግሞ የራሳቸውን ባንክ ከፈቱ፤ ሌላው ባንክ ፊት የነሳው ጥቁር ከዚያ ተበድሮ ቤት ሠራ። ባርነት ከቀረ በኋላ የተከፈቱት እነ አትላንታ ዩኒቨርሲቲ፣ እነ ሞርሃውስ፣ እነ ስፔልማን ሐኪሙንና አስተማሪውን ያወጣሉ፤ የተማረውም እዚያው ጎዳና ላይ ቢሮ ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ1956 ፎርቹን መጽሔት ኦበርንን በዓለም ካሉ የጥቁር ጎዳናዎች ሁሉ ሀብታሙ ነው ብሎ ጻፈለት።

ዛሬ አሜሪካኖች «ለጥቁር ሰው ኑሮ የተመቸች ከተማ የቷ ናት?» እያሉ በየጊዜው ይቆጥራሉ። ስንቱ የራሱ ቤት አለው፣ ስንቱ የራሱን ሥራ ይሠራል፣ ገቢው ስንት ነው፣ ከሌላ ቦታ ስንቱ እየመጣ ይሰፍራል ብለው ይመዝናሉ፤ አትላንታም ከፊተኞቹ አትጠፋም። አማቼ ይህንን ሲያስረዳኝ ምክንያቱን በብዙ ቃል ተነተነልኝ። እኔ የሰሊጥ ሰው ስለሆንኩ በአንድ ቃል ነው የገባኝ። እዚያ ጎዳና ላይ ብር ያድር ነበር። ፀጉር ቆራጩ የተቀበለውን ሳንቲም ለልብስ ሰፊው፣ ልብስ ሰፊው ለሐኪሙ፣ ሐኪሙ ለባንኩ፣ ባንኩ መልሶ ለቤት ሠሪው። ብሩ ከሰፈሩ ሳይወጣ አሥር ቦታ ያድራል።

አብደራፊ ብር አያድርም ነበር።

ከተማዋን ለማያውቃት፦ ምዕራብ አርማጭሆ ውስጥ ለሱዳን ድንበር የተጠጋች የቆላ ከተማ ናት። የወረዳው መቀመጫ አብርሃ ጅራ ሲሆን፣ የዞኑ ደግሞ፣ ምዕራብ ጎንደር በ2010 ዓ.ም. ራሱን ከቻለ ወዲህ፣ ገንዳ ውኃ ነው። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ክረምት ሲርስ ጫማ ከእግር ይነጥቃል፣ በጋ ሲደርቅ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍታል። እኔ በመምህርነት ተመድቤ የገባሁት በ1993 ዓ.ም. ነው። ደመወዝ ወር አላደርስ ሲለኝ እንደ ሰዉ ሁሉ እኔም ማሳ ተከራይቼ፣ ትራክተር ተከራይቼ ሰሊጥ ውስጥ ገባሁ። የሁመራና የጎንደር ነጭ ሰሊጥ ማለት ከቡና ቀጥሎ አገሪቱ በዓለም ገበያ የምትታወቅበት እህል ነው። በዘር፣ በአረምና በአጨዳ ጊዜ ከሁመራ እስከ መተማ ባለው ቆላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የቀን ሠራተኛ ከደጋው ይወርዳል። ሳሉግ እንላቸዋለን። ከበለሳው፣ ከጎጃሙ፣ ከወሎው፣ ከትግራዩ፤ ድንበር ተሻግሮ የሚመጣም አለ።

ሰሊጥ ልብ ይጠይቃል። ቅጠሉ ወየብ ሲል ካልታጨደ ፍሬ ማቀፊያው ከጫፉ ይከፈትና ዘሩ መሬት ይወርዳል፤ የወረደውን ማንም አይለቅመውም። ስለዚህ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ የሰው ጉልበት ወርቅ ይሆናል። በማጭድ ይታጨዳል፣ በነዶ ይታሰራል፣ ነዶው አፉን ወደ ሰማይ አድርጎ ተደጋግፎ ይቆማል፤ ሂላ የምንለው እሱ ነው። ሁለት ሳምንት ያህል ደርቆ ሸራ ላይ ሲገለበጥ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ቀጭን ዝናብ ይመስላል። ያንን ድምፅ የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አይሰማም። እኔም ያልሰማሁት ለዚህ ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።

በ2006 ዓ.ም. የሰሊጥ ዋጋ ሰማይ ነካ። ከዚያ በፊት ያላየነውን ብር ያን ዓመት አየን። የበለሳው ልጅ የመጣው በዚያው ዓመት ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። አጨዳው ላይ መካከለኛ ነበር፤ እሑድ እሑድ ግን የካምፑ ሰው ሁሉ ግራሩ ሥር ተሰልፎ ይጠብቀዋል። አንድ መቀስ፣ አንድ ማበጠሪያ፣ ያችን የተሰበረች መስታወት ይዞ ነው የወረደው። ከእርሱ እጅ ተቆርጦ የተነሳ ሰው፣ ወሩን ሙሉ በጭቃና በላብ ተድበስብሶ የከረመ ሰው፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄድ ነበር። ሲቆርጥ አይናገርም። ሲጨርስ የሰውየውን ጆሮ ግንድ በአውራ ጣቱ ዳሰስ አድርጎ ሁለቱን ጎን ያስተያያል፤ ካልተስተካከለለት ሰውየው «ይበቃል፣ ልነሳበት» ቢልም አይለቀውም። ሳንቲሙን በደብተር ወረቀት ጠቅልሎ እኔ ዘንድ ያስቀምጣል፤ ሠራተኛው ባንክ ስለሌለው፣ ይዞ ሲመለስም መንገድ ላይ ሽፍታ ስለሚዘርፈው፣ ገንዘቡን እምነት ለሚጥልበት ሰው አደራ ማለት ልማዱ ነው። እኔ መምህርት ነኝ ተብዬ የብዙዎቹ አደራ እኔ ሣጥን ውስጥ ነበር።

ሰሊጡ ተወቅቶ ሲያልቅ ሌላው ብሩን ሲቀበል እሱ ብቻ ወደ ኋላ ቀረ።

«እትዬ፣ እኔ ዘንድሮ አልመለስም» አለኝ። «እዚሁ አንዲት ክፍል ብትገኝልኝ ፀጉር ቤት ልክፈት። ሰዉ አለ። ፀጉሩ አለ። ነዋሪ ነው የሚል መስካሪ ካገኘሁ መታወቂያ ይሰጡኛል አሉኝ። እርስዎ ቢመሰክሩልኝ።»

የመለስኩለትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ አሁንም ማታ ማታ ጆሮዬ ላይ ይመጣል። «ልጄ፣ ይሄ በረሃ ነው። ሠርተው የሚሄዱበት እንጂ የሚኖሩበት አይደለም። ብርህን ይዘህ እናትህ ጋ ግባ።»

እንደ እናት የመከርኩት መስሎኝ ነበር። ልጁ ስላሳዘነኝ፣ መንገድ ላይ የሚበላውን ዳቦ ቆሎ ሁሉ አስይዤዋለሁ። አንገቱን ደፍቶ ተቀበለኝ፤ ብሩን ቆጥሮ እንኳ አልወሰደም። እኔ ራሴ በዚያች ከተማ አሥራ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር! ልጄን አስተምሬ፣ ቤት ይዤ፣ ጎረቤት አፍርቼ የኖርኩበትን አገር ነው «የሚኖሩበት አይደለም» ያልኩት። መንግሥት ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከደጋ እያመጣ መተማና ቋራ ያሰፈረው ሕዝብ ቤት ሠርቶ፣ ልጅ ድሮ፣ ታቦት ተክሎ ይኖር የለም እንዴ? ቆላ አይኖርበትም ያለው ማነው? እኔ ነኝ። የእኔ ብጤዎች ነን።

ይህ በአንድ ልጅ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ይህንን ሁሉ ባልጻፍኩ። በዚያው ጥር ላይ ያው ቃል ከአፌ ሁለተኛ ወጣ።

ሰሊጥ የሸጥን ሃያ አራት ሰዎች እቁብ ነበረን፤ እኔ ጸሐፊ ነበርኩ። ከሁላችን ቀድሞ በረሃ የገባ፣ ሁላችን ጋሼ የምንለው ሽማግሌ በመጨረሻው ዕጣ ቀን ተነሳና አንድ ሐሳብ አቀረበ። ከምንሸጠው ከእያንዳንዱ ኩንታል ትንሽ ትንሽ እናስቀር፤ በመጀመሪያ ለሠራተኛው ማረፊያ እንሥራ፣ አልጋና አጎበር ያለው። ቀጥሎ ሠራተኛውም እኛም አብረን የምናዋጣበት እድር እናቋቁም፤ የሚታመም ይታከምበት፣ የሚሞት አስከሬኑ ለአገሩ ይብቃበት። ብሩ ሲጠራቀም ደግሞ ከሠራተኛው መሀል ሙያ ላለው፣ ለግንበኛው፣ ለልብስ ሰፊው፣ ለፀጉር ቆራጩ፣ በብድር እየሰጠን እዚሁ እናስቀረው። «ሲሞት የምንቀብረው እኛ ነን። ታዲያ በሕይወት ሳለ ለምን አናስቀምጠውም?» ብሎ ተቀመጠ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሰዉ እኔን አየ። የተማረች ናት፣ አንባቢ ናት፣ ጸሐፊ ናት፤ መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነበርኩ ሁልጊዜ። «የጋሼ ሐሳብ መልካም ነው፤ ግን ይሄ በረሃ ነው። ሠራተኛው ነገ የለም። እኛም ብንሆን ነገ የለንም። የማን ከተማ ብለን ነው የምንሠራው?» አልኩ። ራሶች ተነቀነቁ። ከእኔ በኋላ የተናገሩት ሁሉ የእኔን ቃል ነው የደገሙት። ጋሼ አልተቆጣም። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ።

ያን ዓመት እኔ ጎንደር ማራኪ ላይ ቤት ጀመርኩ። ሌላው ባሕር ዳር፣ ሌላው አዲስ አበባ። አብደራፊ ላይ ቆርቆሮውን የለወጠ አልነበረም። ሰሊጡ አብደራፊ በቀለ፣ ጎንደር ተበጠረ፣ አዲስ አበባ ምርት ገበያ ተሸጠ፣ ቻይና ዘይት ሆነ፣ እስራኤል ታሂና ሆነ። እኛ ደግሞ፣ ፀጉራችን ላይ የሰሊጥ ገለባ እንደተሰካ፣ ጄሪካን ይዘን ከውጭ የመጣ የፓልም ዘይት ለመቀበል ሰልፍ ቆምን። ይህንን ያየሁት በዓይኔ ነው፤ የቆምኩትም በእግሬ። በዓለም የተመሰገነ የቅባት እህል ሀገር ላይ ቆመን፣ በዘይት ሰልፍ ውስጥ ማን ቀደመኝ ብለን ስንጣላ፣ አንዳችንም «መጭመቂያው ለምን እዚህ አይሆንም?» አላልንም። ባንል አይገርምም። መጭመቂያ የሚተክለው እኖራለሁ ያለ ሰው ነው።

ስለ አጎበሩ ልናገር፤ ከሁሉም ይልቅ ያች ነገር ትከነክነኛለች። ሠራተኛው ማሳ ላይ የሚያድረው ከግራር ሥር፣ ዋልካው በተሰነጠቀበት ነው። የካላዛርን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ መኖሪያዋ ያው ስንጥቅና ያው ግራር ነው፤ የምትነክሰውም ሲመሽ ነው። ትንኝ ታክላለች አይባልም፣ ከትንኝም ታንሳለች፤ ስትበር ድምፅ የላትም። ከደጋ የመጣ ሰው በሽታውን ሰውነቱ አያውቀውም። ሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ሥጋው ያልቃል፣ ጣፊያው አብጦ ሆዱ ይወጠራል፤ ሳይታከም ከቀረ ይሞታል። ወባ ነው እያሉ ቀን ሲያባክኑ ያለፉትን እግዜር ይቁጠራቸው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለዓመታት አብደራፊ ተቀምጠው ካላዛሩንም የእባብ ንድፊያውንም ሲያክሙ ኖረዋል፤ ያ ባይሆን የስንቱ እናት ባዶ ቤት ታለቅስ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አንድ ሠራተኛዬን ልጠይቅ ወደ ሕክምና ቦታቸው ሄድኩ። ጥግ ካለው አልጋ ላይ ያለው በሽተኛ ፈገግ አለልኝ። አላወቅሁትም። «እትዬ፣ ረሱኝ?» ሲለኝ በድምፁ ነው ያወቅሁት። የበለሳው ልጅ ነበር። እናቱ ጋ ገብቶ፣ ብሩ አልቆ፣ ተመልሶ ወርዶ፣ ያው ግራር ሥር ተኝቶ ነው። አንገቱ ቀጥኖ ጭንቅላቱ የሌላ ሰው ይመስላል፤ ሆዱ በጋቢው ሥር ተነፍቷል። 17 ቀን በየቀኑ መርፌ ይወጋል አሉኝ፤ በየሦስት ቀኑ አጥሚት ይዤለት ሄድኩ። ዳነ። ሲወጣ አገሩ ለመግባት ወሰነ። መቀሱን ግን አልያዘም፤ በሽታው ሲጸናበት ለመድኃኒትና ለመንገድ ሸጦታል። አንዲት ክፍልና ምስክርነት ቢያገኝ ኖሮ፣ አልጋ ላይ በአጎበር ሥር ያድር ነበር፤ ግራር ሥር ምን ያስተኛዋል? ይህን የማስበው እኔ ብቻ ነኝ። እሱ ሲሰናበተኝ ጉልበቴን ሊስም ነበር የጎነበሰው። ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም።

እንግዲህ ኦበርን ጎዳና ላይ «ፀጉር ቆራጭ ነበር» ሲባል እግሬ የቆመው ለዚህ ነው። እነሱ ዘንድ ፀጉር ቆራጩ እድር ገዝቶ ኩባንያ አደረገው። እኛ ዘንድ ፀጉር ቆራጩም ነበረ፣ እድሩም ነበረ፣ እቁቡም ነበረ፣ ነጩ ሰሊጥም ነበረ። የጎደለው «እንኑርበት» የሚል ሰው ነው። እሱም ነበረ፤ ጋሼ ነበረ። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት።

አትላንታን ገነት ነው እያልኩ አይደለም፤ ሁለት ወር ኖሬባታለሁ። ያንን የከበረ ኦበርንን አውራ ጎዳና ሠርተው መሀል ለመሀል ሰንጥቀውታል፤ ከድልድዩ ሥር ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚተኛ ጥቁር አይቻለሁ። ሀብታሙና ድሃው የተራራቁባት ከተማ ናት። ቢሆንም እዚያ ያለው ድሃ እንኳ «ከተማዬ» ይላል፤ ድምፅ አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 ሜይናርድ ጃክሰን የሚባል የሠላሳ አምስት ዓመት ጥቁር ከንቲባ መረጡ፤ የአየር ማረፊያው ግንባታ ሲመጣ፣ ከሥራው ከመቶ 25ቱ ለጥቁሮችና ለሌሎች አናሳዎች ድርጅት ካልደረሰ አይሠራም ብሎ ገተረ። ትልልቆቹ ጮኹ፤ እሱ አልለቀቀም። ማረፊያው ተሠራ፤ ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ መንገደኛ የሚመላለስበት ነው፣ የጃክሰንም ስም ከማረፊያው ስም ጋር ተቀጥሏል። እኔ ሻንጣዬን የጎተትኩት በዚያ ነው። የእኛ ሳሉግ ግን መታወቂያው የደጋ ነው። በደጋው የለም፣ በቆላው አይቆጠርም። ማን ይምረጥለት፣ ማን ይግተርለት?

ልጄ «እማዬ ምን ሆነሽ ነው?» እስክትለኝ ድረስ የቀረውን ወር እንዲያው ስብሰለሰል ከረምኩ። ሐምሌ ላይ አገሬ ገባሁ። በጥር 2012 ዓ.ም. እቁቡ ሲሰበሰብ የጋሼን ሐሳብ እኔው አነሳሁት። ጋሼ ከሞተ ዓመት ሆኖት ነበር። ስለ አትላንታ ነገርኳቸው፣ ስለ እድሩ፣ ስለ 140 ዶላሩ፣ ስለ ፀጉር ቆራጩ። በትዕግሥት አዳመጡኝ። ከዚያ ከወጣቶቹ አንዱ፣ በ2006ቱ ስብሰባ ላይ ገና ቡና አቅራቢ የነበረ ልጅ፣ በአክብሮት እንዲህ አለኝ፦ «እትዬ፣ ይሄ እኮ በረሃ ነው። እርስዎ ራስዎ ነዎት ያሉን።»

ምን ይመልሱለታል? ቃሌን ከእኔ በተሻለ ይዞት ቆየ። የሚቀጥለው ዓመት እናየዋለን ተባለና ተበተንን።

የሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ ሰሊጡ ሂላ ላይ እንደቆመ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ሠራተኛው የታጨደውን ጥሎ በእግሩ ወደ ደጋ ወጣ፤ የሚሸሽበት ቤት፣ የሚያውቀው ደጃፍ አልነበረውም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ የሱዳን ጦር ድንበሩ ላይ ያለውን የአልፋሽጋን መሬት ይዞ ገበሬዎቻችንን ከማሳቸው ነቀለ። ከዚያ ወዲህ ያለውን መከራ አንባቢ ያውቀዋል። ብዙ ሰው አብደራፊን ያጠፋት ጦርነቱ ነው ይለኛል፣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ። እኔ ግን ጦርነቱን ሰበብ አላደርገውም። ከ1993 እስከ 2012 ድረስ ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሰላም እጃችን ላይ ነበር። የኦበርን ሰዎች ሱቃቸው ከተሰባበረ በኋላ የተነሱት እድራቸውና ባንካቸው ስለያዛቸው ነው። የሚይዘን ነገር አልሠራንም። ስንበተን እንደ ሰሊጥ ተበተንን፤ አንዱም ለአንዱ ሳይደገፍ።

ማራኪ ያለው ቤቴ አለ። የፊቱን ክፍል አከራይቼ ከኋላው እኖራለሁ። ባለፈው ዓመት ከአብደራፊ የመጣ የቀድሞ ተማሪዬን ስለ ካምፓችን ጠየቅሁት። ካምፑ ፈርሷል አለኝ፤ ግራሩ ግን ቆሟል። መስታወቱ ወድቆ ሽቦው ብቻ ቀርቷል፤ ዛፉ እየወፈረ ሽቦውን ውጦታል፣ ጫፉ ብቻ ነው ከቅርፊቱ ብቅ ያለው አለኝ።

የእቁቡ መዝገብ እኔ ዘንድ ነው፤ ጸሐፊዋ እኔ ስለነበርኩ የሚረከበኝ አልመጣም። ትናንት አወጣሁት። የጥር 2006 ገጽ ላይ የአዋጪዎቹ ስም በሰማያዊ እስክሪብቶ በተራ ተጽፏል፤ የሰሊጥ ዘይት የነካው ጣት አሻራ ጠርዙ ላይ አለ። ከስሞቹ በታች፣ መምህርት በሆንኩበት በዚያ ቀጥ ባለ የጥቁር ሰሌዳ ጽሕፈቴ፣ አንዲት መስመር አለች፦ «ስለ ሠራተኞች ማረፊያና እድር የቀረበው ሐሳብ ታይቶ ውድቅ ሆኗል።» ቀጥሎ ቀኑ። ከቀኑ ሥር የእኔ ፊርማ።